ዲጂፓክ ወይስ የፕላስቲክ ቤት? የአልበም ሽፋኖች ሲፈተሹ

ዲጂፓክ (ሲዲው የሚቀመጥበት ፕላስቲክ የተጣበቀበት የካርቶን ሽፋን) የመጣ ጊዜ ብዙ ሰብሳቢ የፕላስቲኩን የሲዲ ቤት ናቀው። ካርቶኑ ለእጅ ይመቻል፣ ሥዕሉ ይጎላል፣ መደርደሪያ ላይም ግርማ አለው። እያደር ግን ፍርዱ ተገለበጠ፤ ሰበቡ ጥርስ ነው። ሲዲውን መሐሉ ላይ ቆንጥጠው የሚይዙት ትንንሽ ጥርሶች በፖስታ ሲላክ ይሰበራሉ፤ ሲዲው ይላቀቅና ስብርባሪው ላይ እየተንሸራተተ ይጫራል። የዲጂፓክ መቀመጫ ደግሞ በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ ልቀይረው ቢሉ ካርቶኑን ልጦ ይነሳል።

የፕላስቲኩ ቤት (142 በ125 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 10) ርካሽ ይመስላል፤ ነውም። ነገር ግን ክዳኑ፣ መቀመጫውና ጀርባው ተለያይተው ይወጣሉ። ክዳኑን ቀጥ እስኪል ከፍተው አንዱን የማጠፊያ ክንድ በአውራ ጣት ወደ ውጭ ገፋ ቢያደርጉት ይወልቃል። ከዚያ መቀመጫውን በማጠፊያው በኩል በጥፍር ቀስ አድርጎ ማንሳት ነው፤ ከሥሩ 151 በ118 ሚሊሜትር የሆነው የጀርባ ወረቀት ይገኛል። የአልበሙ ስም የተጻፈባቸው ሁለቱ ጠርዞቹ እንደታጠፉ ወረቀቱን ወደ አዲሱ ቤት ያዛውሩት።

የዚህ ቤት ድክመት ቡክሌቱ (ክዳኑ ውስጥ የሚሰካው ትንሽ መጽሐፍ) ላይ ነው። ወፈር ሲል ክዳኑ ላይ ያሉት ግማሽ ክብ ጉጦች ጠርዙን ይቀዱታል። የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚወጣበት የ«ኢትዮፒክስ» የሲዲ ተከታታይ ላለው ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ስለ ዘፋኞቹና ስለ ባንዶቹ የተጻፈው እዚያው ቡክሌቱ ውስጥ ነዋ! ሲያወጡ ጥጉን ይዘው አይጎትቱ፤ መሐሉን በጣት ጫን አድርገው ቀጥታ ያንሸራቱት።

ወፍራሞቹ የድሮ ባለ ሁለት ሲዲ ቤቶች ውስጥ ስፖንጅ ካለ ዛሬውኑ አውጥተው ይጣሉት። ሲያረጅ ሲዲው ላይ ይጣበቃል፤ ሲላቀቅም የአሉሚኒየሙን ንጣፍ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ካሴት ብዙ አያከራክርም። ቤቱ ቢሰነጠቅ ከሌላ ካሴት ላይ ይተካል፤ የማይተካው ወረቀቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሚታተሙት ካሴቶች ወረቀት ላይ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ይጻፍ ነበር። ያው ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ብዙ ጊዜ የሚተርፈው የዘፋኙ ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርጎ ማስቀመጥ ይበጃል። እጥፋቱ ላይ ቢሰነጠቅም ስኮች አይለጥፉበት፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ያበላሻል።

ወደ ሸክላ ስንመጣ፣ ከሽፋኑ ውበት በፊት የከረጢቱ ዓይነት ይጠየቅ። ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ በተሠራ ከረጢት ውስጥ ያለው ማለስለሻ ኬሚካል ወደ ሸክላው ይሸጋገርና ታጥቦ የማይለቅ ጭጋግ ይተዋል፤ ሲጫወትም ሹክሹክታ ይሰማል። አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተማቸውን በደቂቃ 45 ዙር የሚዞሩ ሸክላዎች የያዘ ሰው በፖሊኤቲሊን ወይም በፖሊፕሮፒሊን ከረጢት ብቻ ያስቀምጣቸው። ቁሙን፣ ሳይጣበቡ።

አዲስ ኤልፒ (ትልቁን የአልበም ሸክላ) ከውጭ ሲያዝዙ ሸክላው ከካርቶኑ ወጥቶ ከኋላው እንዲታሸግ ሻጩን ይጠይቁት። ውስጡ ሆኖ ከተላከ በየግጭቱ ወደ ፊት እየተወረወረ የካርቶኑን ስፌት ይቀደዋል። የታሸገበትን ስስ ፕላስቲክም ቅደዱት፤ ከጊዜ በኋላ እየተኮማተረ ካርቶኑን ያጎብጣል። እንደ መጽሐፍ የሚከፈተው ሽፋን ለሁለት ሸክላ ሲሆን ዋጋውን ያወጣል። አንድ ሸክላ ይዞ፣ ውስጡም ባዶ ቀለም ብቻ ሆኖ የሚሸጠው ግን የተከፈለበት ለካርቶን ነው።