ብላክ ሊስት፦ ዝምተኛ (ንግግር ያነሰበት) የፊልም ስክሪፕት ላለው ጀማሪ ያዋጣል?

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ፍራንክሊን ሊዮናርድ በ2005 እ.ኤ.አ. የሆሊውድ ሰዎች የወደዷቸውን ግን ያልተሠሩ ስክሪፕቶች ሰብስቦ ብላክ ሊስት የሚባል ዝርዝር አወጣ። በ2012 ደግሞ ማንኛውም ጀማሪ ከፍሎ ስክሪፕቱን የሚያስቀምጥበት ድረ ገጽ በዚሁ ስም ተከፈተ። ኤጀንት (ሥራችሁን የሚያሻሽጥ ወኪል) አያስፈልግም። ቢሸጥላችሁም ኮሚሽን አይቆርጡም፣ እዚህ ላይ አንጀቴን አርሰውታል።

ገንዘቡን የሚቀበሉት ከፊት ነው። ስክሪፕቱን ድረ ገጹ ላይ ማስቀመጫው በየወሩ፣ ለድረ ገጹ አንባቢ ሰጥቶ ማስገምገሚያው ለብቻው። ሲጀምሩ ማስቀመጫው 25፣ ማስገምገሚያው 50 ዶላር ነበር፤ አሁን ጨምሯል። አንባቢው ከ10 ነጥብ ይሰጣል፤ ለሴራው፣ ለገጸ ባሕርያቱ፣ ለንግግሩ ለየብቻ።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። አንዲት እናት ስድስት ገጽ ሙሉ ቡና ስትቆላ፣ ስትወቅጥ፣ ልጄ ይደውል ይሆን ብላ ስልኩን በጎን ስታይ የሚውል ስክሪፕት ለንግግር ስንት ይሰጠዋል? አንዱ አንባቢ ያብድለታል፣ ሌላው ምንም አልተፈጠረም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ አቅም ካላችሁ ከሁለት አንባቢ አስተያየት ግዙ።

ከነጥቡ ይልቅ አንባቢው የጻፈላችሁን አስተያየት አንብቡት። ጥንካሬ፣ ድክመት፣ ዕድል (ፊልም ሆኖ የመሠራት ተስፋው) ብለው ለያይተው ይጽፋሉ። ዕድሉ ላይ «አነስተኛ በጀት፣ ፌስቲቫል» ካሏችሁ አትከፉ፤ ለየትኛው ፕሮዲዩሰር እንደምትልኩት እየጠቆሟችሁ ነው።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ነጥቡ ዝቅ ካለ ግን በየወሩ እየከፈሉ ማስቀመጥ ብር ማቃጠል ነው (ማንም ፈልጎ አያገኘውም)። እንዲህ ለዝምተኛ ሥራ የሰንዳንስ ኢንስቲትዩት (ገለልተኛ ፊልም ሠሪዎችን የሚደግፍ የአሜሪካ ተቋም) የስክሪፕት ጸሐፊዎች ማሠልጠኛ ፕሮግራም ይሻላል፤ ፉክክሩ ግን አይጣል ነው።