በግራንድ ፒያኖ ውስጥ የሚዘረጋ የማይክሮፎን ዘንግ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ግራንድ ፒያኖን በመኖሪያ ቤት ለመቅረጽ የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው በፒያኖው ሳይሆን በክፍሉ ነው። ጣሪያው ዝቅ ባለና ግድግዳዎቹ በተቀራረቡ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎኖችን በማቆሚያ ላይ አድርጎ ከፒያኖው ማራቅ፣ ከሙዚቃው ጋር የግድግዳውን ነጸብራቅና የውጭውን ጫጫታ አብሮ መቅረጽ ይሆናል። ለወራት ስጠቀምበት የቆየሁት መሣሪያ ለዚህ ችግር የታሰበ ነው። እንደ ፒያኖው ስፋት የሚረዝምና የሚያጥር የብረት ዘንግ ሲሆን፣ ሁለቱ ጫፎቹ በፒያኖው የጎን እንጨት ላይ ያርፋሉ፤ በላዩም ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሰሙ ሁለት ትናንሽ ኮንደንሰር (ለመሥራት ከውጭ ኤሌክትሪክ የሚፈልጉ) ማይክሮፎኖች በሚተጣጠፍ አንገት ተሰቅለዋል። በዚህ ዓይነቱ አሠራር በስፋት የሚታወቀው የኧርዝዎርክስ ፒያኖማይክ ነው፤ እንደ ዲፒኤ 4099 ያሉት ደግሞ በፒያኖው የብረት ፍሬም ላይ በማግኔት ይጣበቃሉ። እዚህ የምመዝነው ግን የአሰቃቀሉን መንገድ እንጂ የአንድን አምራች ሥራ አይደለም።

ከማግኔት ይልቅ ዘንጉን የመረጥሁት በፍሬሙ ጠባይ ምክንያት ነው። ፍሬሙ የ230 ያህል ክሮችን ውጥረት፣ በድምሩ ወደ 20 ቶን የሚጠጋ ኃይል የተሸከመ ብረት በመሆኑ፣ የፔዳሉ ምትና የቁልፎቹ ግጭት ማግኔቱን አልፎ ወደ ማይክሮፎኑ በቀጥታ የመድረስ ዕድል አለው። ዘንጉ ግን በለስላሳ ማረፊያ እንጨቱ ላይ ስለሚቀመጥ ይህ የታችኛው ጉርምርምታ በቀረጻዎቼ ላይ እምብዛም አይሰማም። በአንጻሩ ማግኔት የትም ቦታ ሊጣበቅ ይችላል፤ ዘንጉ ግን በተዘረጋበት መስመር ላይ የተወሰነ ነው፣ ማስተካከል የሚቻለውም አንገቶቹ በደረሱበት ልክ ብቻ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ጊዜ የወሰደብኝ የቦታ ምርጫው ነው። ዘንጉ ወደ መዶሻዎቹ ሲጠጋ የእያንዳንዱ ቁልፍ ምት ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ለፈጣንና ምት ለሚበዛበት ሙዚቃ ይህ መልካም ነው፣ ለዝግታ ጨዋታ ግን የመዶሻው ኳኳታ ከዜማው ይቀድማል። ወደ ፒያኖው ጅራት ሲሸሽ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ከክሮቹ ሥር ያለው የሚነዝር እንጨት፣ የድምፅ ሰሌዳው፣ ሙቀትም ይጎላል፤ ነገር ግን የላይኛዎቹ ቀጭን ኖታዎች ጥራታቸውን ያጣሉ። እኔ የረጋሁት ቁልፍ ሲለቀቅ ክሩን ዝም ከሚያሰኙት ማፈኛዎች ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ከክሮቹ በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። የወፍራሞቹ ድምፆች ክሮች ከመካከለኞቹ በላይ ሰያፍ ሆነው ስለሚያልፉ፣ ግራው ማይክሮፎን የግራ እጅን፣ ቀኙም የቀኝ እጅን ብቻ ይሰማል ብሎ መጠበቅ እንደማያስኬድም በዚሁ መካከል ግልጽ ይሆናል።

በሁለቱ ማይክሮፎኖች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ድምፅ ወደ አንደኛው ማይክሮፎን ከሌላው በ34 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም መንገድ ተጉዞ ከደረሰ፣ የመዘግየቱ መጠን አንድ ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ ሁለቱ ቀረጻዎች ወደ ሞኖ፣ ማለትም ወደ አንድ ነጠላ ድምፅ፣ ሲደመሩም በ500 ኸርዝ አካባቢ ያሉት ሞገዶች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ይህ ከመካከለኛው ዶ በላይ ካለው ሲ አጠገብ የሚውል፣ ዜማ በብዛት የሚመላለስበት ስፍራ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ሰፊና ያማረ የመሰለኝ ቀረጻ በስልክ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ መካከሉ የሳሳ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በማይክሮፎኖቹ መካከል ያለው ርቀት ከክሮቹ ካላቸው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን የሚለው የቆየ የድምፅ ባለሙያዎች ልማድ እዚህ ጠቅሞኛል። በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 60 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ ራቅ ያለው ማይክሮፎን የሚሰማው ድምፅ በቂ ደካማ ስለሚሆን መጠፋፋቱ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ማራቅ ግን ፒያኖውን ከክፍሉ የሚሰፋ አስመስሎ፣ መካከሉን ባዶ ያደርገዋል።

ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሚገኘው ድምፅ ከሁሉም የተሻለ ነው። ዘንጉ ክዳኑ ተዘግቶም እንዲሠራ የታሰበ በመሆኑ ሌሊት ወይም ውጭው ሲረበሽ እዘጋዋለሁ፤ ነገር ግን ከክዳኑ የሚመለሰው ድምፅ ማይክሮፎኑን ወዲያው ስለሚያገኘው ቀረጻው ሣጥን ውስጥ የተጫወቱት ይመስላል። ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ያለውን ትንሽ መቀነስ ያቃልለዋል እንጂ አያድነውም። አጭሩን የክዳን ድጋፍ ተጠቅሞ ክዳኑን በከፊል ከፍቶ መቅረጽ ለእኔ ምክንያታዊው አማካይ ሆኗል።

የዘንጉ ትልቁ ዋጋ፣ በእኔ ግምት፣ ከድምፁ ይልቅ በቦታው መጽናት ላይ ነው። ማይክሮፎኖቹ አይነሡም፤ ማይክሮፎኖቹን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው የኢንተርፌሱ 48 ቮልት (ለማይክሮፎኖቹ የሚልከው ኤሌክትሪክ) እና የድምፅ መቀበያው መጠን ከተስተካከለ በኋላ አይነካም። በ24 ቢት እየቀረጽሁ ከፍተኛውን ድምፅ ከዜሮ (ቀረጻው ሳይዛባ ከሚይዘው የመጨረሻ መጠን) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ስለምተው፣ ድንገተኛ ኃይለኛ ምት ቀረጻውን አያበላሽም። ስለዚህ በተለያዩ ጊዜያት የቀረጽኋቸውን አጠገብ ለአጠገብ ሳዳምጥ የሰማሁት ልዩነት የአጨዋወቴ ወይም የፒያኖው ሁኔታ መሆኑን አምናለሁ።

ስለ ጥንካሬው፣ ማይክሮፎኖቹም ኬብሎቹም እስካሁን ምንም አልሆኑም። የዘንጉ ማጥበቂያ ብሎን ግን ከንዝረቱ የተነሣ ቀስ በቀስ ይላላልና በየጊዜው መፈተሽ ይገባዋል፤ ክሮች ላይ የተንጠለጠለን ብረት በቸልታ መተው አይቻልም። ላስቲክ የእንጨት ቅብን በጊዜ ብዛት ሊያደበዝዝ ስለሚችል ማረፊያዎቹን በስስ የጥጥ ጨርቅ ሸፍኛቸዋለሁ። ኬብሉ ከዘንጉ ጋር ካልታሰረ ክር ነክቶ ይነዝራል። የኖታ ማስቀመጫውም ወደ ኋላ ሲገፋ ዘንጉን ይነካል፤ ይህ በአንዳንድ ፒያኖዎች ላይ ጨርሶ የማይፈታ ችግር ሊሆን ስለሚችል ከመግዛት በፊት መለካት ያስፈልጋል። ቃኚው ሲመጣም ዘንጉ መውጣት አለበት።

ገዢ ሊጠብቀው የሚገባው አንድ ነገር፣ ይህ አሰቃቀል የክፍሉን ጉድለት ሲደብቅ የፒያኖውን የሚያጋልጥ መሆኑ ነው። ለአብዛኞቹ ኖታዎች ሦስት ሦስት ክሮች አሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ጥቂት ቢላላ ወንበሩ ላይ ሆኖ የማይታወቀው መወዛወዝ በማይክሮፎኑ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ማፈኛዎቹ ክር ላይ ሲያርፉ የሚያሰሙት እፍታና የፔዳሉ ሲጥታም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ፒያኖው አዘውትሮ ካልተቃኘና የክፍሉ እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ካልተጠበቀ፣ ገንዘቡን ከማይክሮፎን በፊት በቃኚው ላይ ማዋል ይሻላል።

ለልምምድ፣ ለማስተማሪያ ቪዲዮና ከዘፋኝ ጋር በአንድ ክፍል ለሚደረግ ቀረጻ ዘንጉን ያለማመንታት እመርጠዋለሁ። ብቸኛ ፒያኖ በዝግታ ሲጫወት ግን አየር ይጎድለዋል፤ ለዚያ ክፍሉ ጸጥ ያለ በሆነ ጊዜ ሁለት ማይክሮፎኖችን ከፒያኖው ጎን ባለው ኩርባ ትይዩ በማቆሚያ ላይ አቁሜ ከዘንጉ ቀረጻ ጋር እቀላቅላለሁ፤ የዘንጉን ድምፅ ዝቅ አድርጌ ለጥራት ብቻ እጠቀምበታለሁ።