ኮንዶ ለመከራየት ሚሲሳጋ ወይስ ቮን?

ካናዳ ውስጥ ቶሮንቶ ዳር ዳሩ ባሉት ከተሞች፣ ሚሲሳጋና ቮን፣ ድሮ ሜዳና ፓርኪንግ የነበረው ሁሉ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፣ እና የቱ ጋ ልከራይ ለምትሉ የማየውን ልጻፍላችሁ።

ትራንስፖርት
ቮን፦ እዚህ ላይ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ሰብዌይ (የምድር ውስጥ ባቡር) አለው፣ ሳትቀይሩ ዳውንታውን፣ ማለትም ቶሮንቶ መሃል ትገባላችሁ።
ሚሲሳጋ፦ ሰብዌይ የለውም፣ በብዛት ባስ ነው፣ ቀላል ባቡሩ በ2020 መሠራት ጀምሮ ስንት ዓመት ፈጀ።

ኪራይ
ይሄን በደንብ አንብቡት። በኦንታሪዮ (ሁለቱም ከተሞች ያሉበት ክፍለ ሀገር) ሕግ ከኖቬምበር 15፣ 2018 በኋላ መጀመሪያ ሰው የገባበት ቤት የዓመት የኪራይ ጭማሪው ጣሪያ (ገደብ) የለውም፣ ከዚያ በፊት ሰው ለገባባቸው ቤቶች ግን ለምሳሌ በ2025 ጣሪያው 2.5 በመቶ ነበር።
ቮን፦ ሰብዌዩ ጋ ያሉት ብዙዎቹ አዲስ ናቸው፣ ስለዚህ ባለቤቱ በዓመቱ የፈለገውን ሊጨምርባችሁ ይችላል፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል።
ሚሲሳጋ፦ በ2012 እንዳለቁት ባለ 56 እና ባለ 50 ፎቅ ጥምዝምዝ መንትያ ሕንፃዎች የጭማሪው ጣሪያ የሚመለከታቸው አሉ።
የትም ብትገቡ ሳትፈርሙ ሕንፃው መቼ ሰው እንደገባበት ጠይቁ።

ኑሮ
ሚሲሳጋ፦ ስኩዌር ዋን የገበያ ማዕከሉ፣ ላይብረሪው፣ አደባባዩ ሁሉም በእግር ነው።
ቮን፦ ገና እየተገነባ ነው፣ ክሬንና አቧራ።

ብቻችሁን ሆናችሁ ዳውንታውን ከሠራችሁ ቮን ይሻላችኋል፣ ልጆች ይዛችሁ ረጅም ለመቆየት ካሰባችሁ ግን ሚሲሳጋ የቆየ ሕንፃ ፈልጉ።