ሮድስ ደሴት እናታችሁን ይዛችሁ ሊንዶስ ልትወጡ ያሰባችሁ፣ ወደብ ዳር ካሉት ደላሎች ጉዞ አትግዙ

ይህን የምጽፈው እዚያው ሮድስ ሆኜ ነው። ነገሩ የሆነው ትናንት ነው፤ ንዴቴ ገና አልበረደም። ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ስዊድን ያላችሁ ወገኖች ለበጋ ዕረፍት ግሪክ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ብዙዎቻችሁም እንደኔ ከአገር ቤት የመጣች እናት ወይ አክስት ይዛችሁ ነው የምትመጡት። ሊንዶስ የሚባለውን የኮረብታ ላይ ፍርስራሽ ለማየት ለማንም ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ሮድስ ከተማ ያለውን የማንድራኪን ወደብ ደላሎች ታውቋቸዋላችሁ። ጃንጥላ ዘርግተው፣ ካርታቸውን ጠረጴዛ ላይ ለጥፈው፣ አላፊ አግዳሚውን «ከየት ናችሁ?» የሚሉት ናቸው። ኢትዮጵያ ስትሏቸው «ኃይሌ! ቀነኒሳ!» ይላሉ። የኛው ግን ከዚያም አለፈ። እማዬ አንገት ላይ ማተቧንና መስቀሏን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለና አማተበ። «እኛም ኦርቶዶክስ ነን፤ እናንተ ወንድም እህቶቻችን ናችሁ» አለና እጇን ሳመ። እማዬ ያደገችው ድሬዳዋ ነው። በልጅነቷ የግሪክ ባለ ሱቆች ጎረቤቶቿ ነበሩ፤ «ሲቸግረን በዱቤ ይሰጡን ነበር፤ ደጎች ናቸው» እያለች ስታወራልን ነው የኖረችው። እጇን ሲስማት ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንጀቴን የሚያሳርረኝ አንዱ ይህ ነው። ገንዘቡን ከኔ ቢወስድም ያታለለው ግን እሷን ነው።

እማዬ ሮድስ የመጣችው ለመዋኘት አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ ቆስንና ሮድስን አልፎ ነው የተጓዘው። የሊንዶስ ሰዎች ደግሞ መርከቡ ያረፈችው ከኮረብታው ግርጌ ባለችው ትንሽ ወሽመጥ ነው ይላሉ። ድንጋዩ ከብቧት ክብ ሐይቅ ነው የምትመስለው፤ የቅዱስ ጳውሎስ ወሽመጥ ይሏታል፤ ነጭ ጸሎት ቤትም አለባት። ከላይ ከአክሮፖሊሱ፣ ማለትም ከኮረብታው ጫፍ ካለው ፍርስራሽ ሆና ያንን ወሽመጥ ቁልቁል አይታ ጸሎት ማድረስ ነበር ምኞቷ። ይህን ሁሉ ለደላላው ነገርነው። ልጄንም ዝም አላለውም፤ ከሰባቱ የዓለም ድንቆች አንዱ የነበረውን የሮድስን ግዙፍ ሐውልት የሠራው ካሬስ የሊንዶስ ሰው መሆኑን ነገረው። ይህ እንኳ እውነት ነው። ልጄ ከዚያ በኋላ ስለ ሊንዶስ ብቻ ነበር የሚያወራው።

እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ ደጋግሜም ጠይቄዋለሁ። «እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ መውጣት አትችልም። መኪናው እስከ የት ይደርሳል?» ዓይን ዓይኔን እያየ መለሰልኝ። «አውቶቡሱ መንደሩ ያደርሳችኋል። ከዚያ ለሽማግሌዎች የተዘጋጀች ትንሽ መኪና አለች፤ እስከ በሩ ታወጣቸዋለች። መግቢያውም አስጎብኚውም ዋጋው ውስጥ ነው።» ለአንድ ሰው 65 ዩሮ፣ ለልጁ ግማሽ። ካሽ ብቻ ነው አለ። በግሪክ ፊደል የተጫጫረች ቁራጭ ወረቀት ሰጠን፤ ለእማዬ ደግሞ «ጸልዪልኝ» አላት። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ!

በማግስቱ ጠዋት በ3 ሰዓት አውቶቡሱ ወሰደን። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቀጥታ ቢሄድ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። እኛን ግን መጀመሪያ ሸክላ ቤት አወረዱን፤ ቀጥሎ የወይራ ዘይትና ማር የሚሸጥበት ቤት። ሱቆቹ ጎብኚ ላመጣላቸው የሚከፍሉትን ኮሚሽን ታውቁታላችሁ። አልገዛም ስትሉ ፊታቸው እንዴት እንደሚጠቁርም ታውቃላችሁ። ሊንዶስ ስንደርስ ከቀኑ 6 ሰዓት ሊሆን ነው፤ የነሐሴ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ከክሩዝ መርከብ የወረደው ሕዝብም መንደሩን ሞልቶታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ አደባባዩ ላይ አቆሙን። ሰሌዳ የያዘው ወጣት አጃቢ ወደ ላይ ጠቆመና «አክሮፖሊሱ ያ ነው፤ 7 ሰዓት ተኩል ላይ እዚሁ እንገናኝ» ብሎ ሊሄድ ሲል ያዝኩት። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ትንሿ መኪና ትመጣለች ብላ መንገዱን ታያለች።

«የሽማግሌዎቹ መኪና የት አለች?» አልኩት።

«የምን መኪና?»

«እናቴን በሩ ድረስ የምታወጣው፤ ትናንት የተባልነው።»

ሳቀ። «ሊንዶስ ውስጥ መኪና አይገባም» አለኝ፤ አለማወቄ ነውር ነው በሚል ድምፅ። ወረቀቱን አሳየሁት። አነበበና መለሰልኝ፤ «እዚህ ላይ የተጻፈው ሊንዶስ፣ ሰዓትና ዋጋ ነው። ሊንዶስ ናችሁ አይደል?» መግቢያውስ? የለበትም። አስጎብኚውስ? እኔ ራሴ ነኝ አለ፤ ግን አብሮን አይወጣም። ኋላ ሳጣራ እንደተረዳሁት ግሪክ ውስጥ ጥንታዊ ሥፍራ ገብቶ የሚያስጎበኝ ሰው የመንግሥት ፈቃድና መታወቂያ ሊኖረው ይገባል። ይህ ልጅ ፈቃድ ስለሌለው በሩን አያልፍም። ሻጩ ይህን እያወቀ ነው «አስጎብኚ አለ» ያለን።

ሻጩ ጋ ደውልልኝ አልኩት። ደወለ፤ በግሪክኛ ተነጋገሩ፤ ሁለቱም ሲስቁ ሰማሁ። ስልኩን እንኳ አልሰጠኝም። ዘግቶ፣ ከአደባባዩ ዳር የተደረደሩትን አህዮች በአገጩ አሳየኝ። «አህያ አለላችሁ። እሱም ለብቻው ይከፈላል።»

እማዬ ቋንቋውን ባትሰማም አህዮቹን ስታይ ነገሩ ገባት። «አህያ ላይ ውጪ ነው የሚለኝ?» አለችኝ። «በበቅሎ ሄጄ አውቃለሁ ልጄ። አህያ ግን ዕቃ ነው የምትሸከመው። በዚህ ሐሩር ፍጥረቷን አላሰቃያትም።» ይህን ተርጉሜ ስነግረው የመለሰልኝን ቃል በቃል ልጻፈው፤ «ከአፍሪካ አይደል የመጣችሁት? ሙቀቱም አህያውም ለእናንተ አዲስ አይደለም።»

ልጄ እንግሊዝኛ ይሰማል። ቀና ብሎ አየኝና «ማሚ፣ ለምንድን ነው አያቴን እንዲህ ያላት?» አለኝ። የምመልስለት ጠፋኝ። ደሜ ፈልቶ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እማዬ ግን ክንዴን ይዛ «ተይው፤ ልጁ ፊት አትጣይ» አለችኝ። ሰውየው እያየን ካፌው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ቡና አዘዘ።

አህያውም ቢሆን መፍትሔ አልነበረም። አህዮቹ በር አይደርሱም፤ ታች ያወርዷችኋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደረጃ ነው፤ ለያዥ ለገናዥ የማይመች አቀበት። ከአደባባዩ ጀምሮ እስከ ላይ በጠቅላላው 300 ገደማ ደረጃ አለ፤ ብዙው በሰው እግር ተፍቆ የሚያንሸራትት። መንገዱ ከአንዳንዱ ኮብልስቶን የባሰ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የግሪክ መንግሥት ከ100 ኪሎ በላይ ወይም ከእንስሳው ክብደት ከአንድ አምስተኛ በላይ አህያ ላይ እንዳይጫን የሚል መመሪያ ማውጣቱ ስለ እነዚህ እንስሳት ብዙ ይናገራል። ደላላው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ዕድሜውን በሙሉ የሸጠው ይህንኑ ጉዞ ነው። ጉልበቷን የሚያማት ሴት እዚያ ልትወጣ እንደማትችል እያወቀ ነው እጇን የሳማት።

እማዬን መንደሩ ውስጥ ያለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት። ቤተ ክርስቲያኒቱን የምትጠብቀው ሴትዮ ማተቧን ስታይ ምንም ሳትጠይቅ ወንበር አመጣችላት፤ ውኃም ሰጠቻት። ግድግዳው በሙሉ በ1779 እ.ኤ.አ. በተሣሉ ሥዕሎች የተሸፈነ ነው፤ ወለሉ በጥቁርና ነጭ ጠጠር የተነጠፈ። ለዚህች ሴት እግዚአብሔር ይስጣት። ግሪኮችን በሙሉ እየሰደብኩ እንዳይመስላችሁ ነው ይህንንም የምጽፈው።

«ልጁ አይከፋው፤ እናንተ ውጡ» ብላ እማዬ ላከችን። መግቢያውን እንደገና ከፍለን ወጣን። ቦታው እውነትም ትልቅ ነው። ደረጃው ከመጀመሩ በፊት በስተግራ፣ ገደሉ ላይ የተቀረጸ የጥንት የጦር መርከብ አለ፤ ፒቶክሪቶስ የሚባል ቀራፂ ከክርስቶስ ልደት በፊት 180 ገደማ የሠራው ነው። ከዚያ የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የሚባሉት የመካከለኛው ዘመን የመስቀል ጦረኞች የሠሩት ምሽግ፤ ከዚያ ሰፊው የዓምድ አዳራሽ፤ ጫፉ ላይ፣ ከባሕሩ 116 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የጥንት ግሪኮች ያመልኳት የነበረችው የአቴና ቤተ መቅደስ። ልጄ እያንዳንዱን ድንጋይ ይጠይቀኛል፤ ሰሌዳ እያነበብኩ ልመልስለት እሞክራለሁ፤ ዓይኔ ግን ሰዓቱ ላይ ነው፤ የቀረን ጊዜ ለመውረጃም የሚበቃ አልነበረም። የጳውሎስን ወሽመጥ ከላይ በስልኬ ቀረጽኩላት። እማዬ በዓይኗ ልታየው የመጣችውን በስልክ አየች።

ማታ ወደቡ ተመለስኩ። ሰውየው ዓይኑን በጨው ታጥቦ ጠበቀኝ። «ሊንዶስ ሄዳችኋል፤ ተመልሳችኋል፤ ምን ቀረባችሁ?» አለ። መኪና አለ አላልክም ወይ ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። ደረሰኝ ስጠኝ አልኩት፤ ወረቀቷን አሳየኝ። እየተናገርኩ እያለ ከኋላዬ አንድ ሌላ ቤተሰብ መጣ፤ ሴትየዋ ሻሽ አስራለች፤ መስቀልም አድርጋለች። ደላላው እኔን በእጁ ገፋ አድርጎ ተነሣና አማተበላቸው።

እንግዲህ ምን አድርጉ ልበላችሁ። ሊንዶስ ለመሄድ ደላላ አያስፈልግም፤ ከሮድስ ከተማ አዲሱ ገበያ አጠገብ የሕዝብ አውቶቡስ ይነሣል፤ ዋጋው ጥቂት ዩሮ ነው። በበጋ በሩ የሚከፈተው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስለሆነ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሂዱ። ቲኬቱን እዚያው በሩ ላይ ወይም ከግሪክ መንግሥት ድረ ገጽ ግዙ። እናት አባት መውጣት የማይችሉ ከሆነ ኮረብታውን ተዉትና በታክሲ የቅዱስ ጳውሎስ ወሽመጥ አውርዷቸው፤ መኪና እዚያ አጠገብ ይደርሳል፤ ጸሎት ቤቷም እዚያው ናት። ይህን ትናንት የነገረኝ ሰው ቢኖር እማዬ አሁን ሌላ ነገር ነበር የምታወራው። ለማንም በካሽ አትክፈሉ። በግሪክ ሕጋዊ ደረሰኝ ያልሰጠ ነጋዴን ደንበኛው የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ ማስታወቂያው በየሱቁና በየምግብ ቤቱ ተለጥፏል።

እኔ ዛሬ ጠዋት የግሪክን የሸማቾች መስመር 1520 ደውዬ አመልክቻለሁ። ጀርመን ስመለስ ደግሞ ኬል ከተማ ላለው የአውሮፓ የሸማቾች ማዕከል እጽፋለሁ፤ የወረቀቷንም የጠረጴዛውንም ፎቶ ይዣለሁ። ገንዘቡ ቢመለስም ባይመለስም፣ ልጄ ፊት ለእናቴ የተባለውን ቃል በጽሑፍ ይቅርታ እስኪጠይቁበት ድረስ አልተወውም።