የአንድ የጥበቃ ድርጅት አገልግሎት በኮሌጆች የዋንጫ ጨዋታ፦ ፍተሻው የሚመሰገን፣ ከቀልዱ በኋላ ያደረገው ግን የሚያሳስብ

በመሃል አዲስ አበባ፣ ከመስቀል አደባባይ በእግር በሚደረስበት አንድ ሜዳ ላይ፣ ሁለት የግል ኮሌጆች ባደረጉት የእግር ኳስ ዋንጫ ጨዋታ የተመልካቹን ደኅንነት እንዲጠብቅ አንድ የግል ጥበቃ ድርጅት ቀጥረን ነበር። እኔ በአዘጋጅ ኮሚቴው ውስጥ ሆኜ ውሉን የተከታተልኩ ስለሆንኩ አገልግሎቱን ከመነሻው እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ያየሁት ጉድለት በሌሎችም ዘንድ ሊኖር የሚችል ሲሆን፣ ለሚቀጥለው አዘጋጅ የሚጠቅመውም ጉድለቱን ማወቁ ነው። አስተያየቴ በአጭሩ ይህ ነው፦ በፍተሻ የሚከፈለው ገንዘብ የሚገባው ድርጅት ነው፤ ችግር ሲፈጠር ሕዝብን በማስተናገድና ስለችግሩ ለሕዝብ በመናገር ረገድ ግን ውሉ ካልተሻሻለ በቀር ደግሜ አልቀጥረውም።

መልካሙን አስቀድሜ ልናገር። ጥበቃዎቹ በሮቹ ከመከፈታቸው ብዙ ቀደም ብለው፣ የደንብ ልብሳቸውን አሟልተው ተገኝተዋል። ሴት ፈታሾች በበቂ ቁጥር ተመድበው ስለነበር፣ በብዙ የከተማችን ዝግጅቶች እንደምናየው የሴቶቹ ሰልፍ በአንዲት ፈታሽ ምክንያት መንገድ እስኪዘጋ ድረስ አልተጓተተም። ቦርሳ ሁሉ ተከፍቶ ታይቷል፤ ርችት ይዞ የመጣ ወጣት ርችቱን አስረክቦ ገብቷል፤ ተወርውሮ ሰው እንዳይጎዳ የውሃ ጠርሙስ ክዳን እየተነቀለ ነበር የሚያልፈው። ይህ ሁሉ የተደረገው ደግሞ ያለ ቁጣና ያለ ማመናጨቅ ነው። በዚህ በኩል የምጨምረው ቅሬታ የለኝም።

ችግሩ የመጣው የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ውጤቱም ገና 0 ለ 0 ሳለ ነው። ከጨዋታው በፊት ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱና ባጅ ያንጠለጠሉ ወጣቶች በአንድ ወገን ለተቀመጡት ደጋፊዎች ቀይና ነጭ ካርቶን አድለው፣ ምልክት ሲሰጣቸው ከፍ ቢያደርጉት የኮሌጃቸው ስም ከማዶ እንደሚነበብ ነግረዋቸው ነበር። ደጋፊው አምኖ፣ በደስታ እየዘመረ ካርቶኑን አነሳ። ከማዶ የተነበበው ግን «ተሸንፈናል» የሚል ጽሑፍ ነው። በ«ና» ቦታ ከተቀመጡት አንዳንዶቹ ዘግይተው የገቡና ካርቶን ያልደረሳቸው ስለነበሩ ፊደሉ ግማሹ ጎድሏል፤ ቢሆንም ለማንበብ የተቸገረ ሰው አልነበረም። ሰደርያ የለበሱት ወጣቶች የተፎካካሪው ኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተፎካካሪያቸው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ አስተባባሪዎች መስለው በሃርቫርድ ስታዲየም ወደ 1,800 ለሚጠጉ የሃርቫርድ ደጋፊዎች ቀይና ነጭ ወረቀት አድለው፣ ደጋፊዎቹ ራሳቸውን የሚሰድብ ጽሑፍ እንዲያነሱ አድርገዋል፤ የአሜሪካን ፉትቦል የነበረውን ጨዋታ ሃርቫርድ 35 ለ 3 ቢያሸንፍም ከውጤቱ ይልቅ ሲወራ የኖረው ስለ ወረቀቱ ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1961 በካሊፎርኒያ የሮዝ ቦውል ጨዋታ ላይ የካልቴክ (የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም) ተማሪዎች የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ደጋፊዎችን የካርድ ትርዒት መመሪያ በስውር ቀይረው፣ በቴሌቪዥን በቀጥታ በሚተላለፍ ጨዋታ የራሳቸውን ተቋም ስም አስነብበዋል። ለዚህ የሚያስፈልገውን መረጃ ያገኙት ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ የትምህርት ቤት ጋዜጣ ዘጋቢ መስሎ በትሕትና በመጠየቅ ነው። ከሁሉም ይበልጥ ማንኛውንም የጥበቃ ኃላፊ ሊያሳስበው የሚገባው እ.ኤ.አ. በ1982 የተደረገው ነው፦ የኤም.አይ.ቲ. (የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም) ተማሪዎች በሃርቫርድ ስታዲየም ሜዳ ውስጥ አስቀድመው የቀበሩት መሣሪያ በጨዋታው መካከል ከመሬት ወጥቶ ትልቅ ፊኛ ነፋና ፊኛው ፈነዳ። የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን በሺዎች የሚቆጠር ሰው በተቀመጠበት ቦታ መሬት ተቆፍሮ መሣሪያ ሲቀበር ያስቆመ አልነበረም።

በእኛም ሜዳ የሆነው በመሠረቱ ይኸው ነው። ቢጫ ሰደርያ ማንም ከመርካቶ ገዝቶ የሚለብሰው ነገር ነው፤ ባጅም በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ይታተማል። ወጣቶቹ የገቡት በተመልካቹ በር ሳይሆን በዕቃ ማስገቢያው ሲሆን፣ በዚያ የቆመው ጥበቃ የበጎ ፈቃደኞቹ ስም ዝርዝር በእጁ አልነበረም፤ እንዲያውም አንዱን ከባድ ካርቶን «አይዟችሁ፣ ልርዳችሁ» ብሎ ተሸክሞ አስገብቶላቸዋል። ደግነቱን አልነቅፍም። ሆኖም የእያንዳንዱ ተመልካች የውሃ ጠርሙስ ክዳን በተነቀለበት ቀን፣ ትልልቅ ካርቶኖች ሳይከፈቱ መግባታቸው ፍተሻው የሚጠረጥረው ትኬት የያዘውን ሰው ብቻ እንደነበር ያሳያል። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ወረቀት በመሆኑ ልናመሰግን ይገባል።

ይህን ያህሉን ስህተት ግን በቀላሉ ማረም ይቻላል። እኔን እጅግ ያስደነገጠኝ ቀጥሎ የተደረገው ነው። የተናደዱ ደጋፊዎች ወደ ሜዳው መውረድ ሲጀምሩ፣ የጥበቃው ተረኛ ኃላፊ ቀልደኞቹ እንዳያመልጡ ሲል መውጫዎቹ ሁሉ እንዲቆለፉ በሬዲዮ አዘዘ። ሁለቱ በሮች በሰንሰለት ተቆለፉ፤ የአንደኛውን ቁልፍ የያዘው ሰው ደግሞ ሜዳው ውስጥ ሩጫ ላይ ነበር። በዚህ መካከል ከየት እንደተነሳ ሳይታወቅ «ፈንጂ አለ» የሚል ወሬ ተሰማ። ሰኔ 16 ቀን 2010 በመስቀል አደባባይ ሰልፍ ላይ ቦምብ ተወርውሮ የሰው ሕይወት የጠፋበትን ቀን የምታስታውስ ከተማ ውስጥ፣ ያውም ለዚያው አደባባይ ቅርብ በሆነ ሜዳ ላይ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚዛመት ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሰዉ በአንድ ጊዜ በቀላል ባቡሩ በኩል ወዳለው በር ተንቀሳቀሰ።

በዚያ በር የነበሩት በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ፈታሽ ናቸው። ትእዛዙን በሬዲዮ ሰምተዋል፤ ሰንሰለቱም በእጃቸው ነበር። ተማሪዎቹ «እማማ፣ አይዝጉብን» እያሉ ሲጮኹ፣ እርሳቸው አንዱን ተካፋች ወደ ግድግዳው ገፍተው፣ በጀርባቸው ደግፈው ቆሙ፤ «ልጆቼ፣ አትጋፉ፣ በሩ አይዘጋም፤ ቀስ እያላችሁ ውጡ» እያሉም ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ ተናገሩ። ሕዝቡ ተረጋግቶ ወጣ፤ ከመቧጨር ያለፈ ጉዳት የደረሰበት ሰውም የለም። ድርጅቱ በእርሳቸው ሊኮራ ይገባል። ይሁንና የብዙ ሰው ደኅንነት የተጠበቀው አንዲት ሠራተኛ የአለቃዋን ትእዛዝ ባለመቀበሏ ከሆነ፣ ትእዛዙን የሰጠው ሥርዓት መመርመር አለበት።

ማጋነን እንዳይመስል ሁለት ነገር ላስታውስ። በካሜሩን ያውንዴ፣ ጥር 16 ቀን 2014 በአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ ወቅት በኦሌምቤ ስታዲየም በር ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 8 ሰዎች ሞተዋል፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትም ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ እንደነበር በይፋ ተናግረዋል። በጋና አክራ ግንቦት 1 ቀን 1993 ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ በተኮሰበት ጨዋታ ከ120 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ለመውጣት የሞከሩት የተቆለፉ በሮች ገጥመዋቸዋል። የፊፋ የስታዲየም ደኅንነት ደንብም ተመልካች በውስጥ እስካለ ድረስ የመውጫ በሮች እንዳይቆለፉ ያዛል። ቀልደኛን ለመያዝ ተብሎ መውጫ አይቆለፍም፤ ሌባን ለመያዝም ቢሆን አይቆለፍም።

ስለ ሕዝብ ግንኙነቱ የምናገረው ከዚህ ያላነሰ ከባድ ነው። ጨዋታው ገና ሳይጠናቀቅ ድርጅቱ በራሱ የቴሌግራም ቻናል ከቀልደኞቹ አንዱ ተይዞ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ ፊቱ ሳይሸፈን፣ «ሰርጎ ገብ በቁጥጥር ሥር ዋለ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ለቀቀ። ያን ቪዲዮና የፈንጂውን ወሬ አንድ ላይ ያገኘ ሰው ምን እንደሚያስብ ግልጽ ነው። የልጁ ቤተሰቦች ልጃቸው በምን ወንጀል እንደተያዘ ሳያውቁ ፊቱን በጎረቤት ስልክ አዩት፤ የሌሎች ተማሪዎች ወላጆችም የኮሌጁን ስልክ አጨናነቁት። ቪዲዮው እንዲነሳ ጠይቀን በመጨረሻ ተነስቷል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት በየግሩፑ ተላልፎ ስለነበር መነሳቱ ብዙም አልጠቀመም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይቀርብ ይከለክላል። በእርግጥ ቀጣዩ ቁጥር በአደባባይ ለተደረገ ነገርና ለፖሊስ ሥራ ልዩ ሁኔታ ይፈቅዳል፤ የግል ድርጅት ለማስታወቂያው ብሎ የአንድን ተማሪ ፊት ከወንጀለኛ ስም ጋር ማሰራጨቱ በዚያ ሥር ይሸፈናል ብዬ ግን አላምንም።

መደረግ የነበረበት ከባድ አልነበረም። የሜዳው ድምፅ ማጉያ ይሠራ ነበር፤ ማይክሮፎን የያዘው ሰውም በቦታው ነበር። «የታደለው ወረቀት የተማሪዎች ቀልድ ነው፤ ምንም አደጋ የለም፤ በሮቹ ክፍት ናቸው» የሚል ማስታወቂያ ወዲያው ቢነገር ወሬው ባልተስፋፋ ነበር። ጥበቃዎቹ ጉዳዩ ወረቀት ብቻ መሆኑን ቀድመው ያወቁ ቢሆንም፣ ለማይክሮፎን ያዡ የነገረው አልነበረም፤ ለቴሌግራሙ ግን የነገረው ሰው ነበረ። ይህ ቅደም ተከተል አሁንም ያሳዝነኛል። ተማሪዎቹም ከኃላፊነት ነጻ አይደሉም፤ ጉዳያቸው በሁለቱ ኮሌጆች የተማሪዎች ዲኖች በኩል ታይቶ በይቅርታ አልቋል፤ ተገቢውም ቦታ እርሱ ይመስለኛል።

ክፍያው በጥበቃ ቁጥር የሚታሰብ ሆኖ፣ ዋጋ ከጠየቅናቸው ሌሎች ድርጅቶች ከፍ ይላል፤ ለፍተሻው ጥራት ሲባል ልዩነቱ አይበዛም፤ ደረሰኝም በወቅቱ ተሰጥቶናል። ለሚቀጥለው ውድድር እንዲቀርብ ስንጠይቀው ኃላፊዎቹ በአክብሮት ተቀብለው አነጋግረውናል። የበጎ ፈቃደኞች ሰደርያ ቁጥር እንዲኖረውና ፎቶ ያለበት ዝርዝር በየበሩ እንዲቀመጥ፣ በዕቃ ማስገቢያው የሚያልፍ ሁሉ እንዲከፈት፣ መውጫዎችም በማንም ትእዛዝ እንዳይቆለፉ የሚሉትን አንቀጾች ያለ ክርክር ተስማምተዋል። የተመልካች ምስል ያለ ኮሚቴው የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይለቀቅ የሚለውን ግን ሥራቸውን ለማስተዋወቅ እንደሚያስፈልጋቸው በመግለጽ እስካሁን አልፈረሙም። ኮሚቴው ያንን አንቀጽ አላወጣም፤ ሌሎች ሁለት ድርጅቶችም ዋጋ እንዲያቀርቡ ተጠይቀዋል።