«ስኳር ያወርዳል» የተባለው ሻይ፦ ብሩን ለአብሽ አድርጉት

ሰሞኑን ከቅመም ቤት እስከ ሱፐርማርኬት የማይታይበት የለም። «ስኳርና ኮሌስትሮል ያወርዳል፣ ቦርጭ ያጠፋል» ይላል ካርቶኑ። ስሙን አልጠራም። ውስጡ አብሽ፣ ሽፈራው፣ ቀረፋና ጥቁር አዝሙድ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ለጣዕሙ ይጠጣ፣ ለስኳር ብሎ ለሚገዛው ግን ብሩን መበተን ነው።

ከአራቱ ጠንከር ያለ ማስረጃ ያለው አብሽ ነው። አብሽ ውሃ ሲነካው ይዝለገለጋል አይደል? ያ ዝልግልግ ነገር ጋላክቶማናን የሚባል ፋይበር ነው። ሆድ ውስጥ ምግቡን ያወፍረውና ስኳሩ ቀስ እያለ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። ሐሞትንም ይዞ ይወጣል፤ ጉበት የወጣውን ለመተካት ከደም ኮሌስትሮል ስለሚወስድ መጥፎው የሚባለው ኤልዲኤል ይቀንሳል። ጥጋብም ስለሚሰጥ ትንሽ በልቶ ለመነሳት ይረዳል እንጂ ቦርጭ የሚያቀልጥ ነገር የለውም።

አሁን ሻዩን እንየው። አንዱን ከረጢት ቀድጄ ሚዛን ላይ ደፋሁት፤ አራቱም ተደምረው 2 ግራም! በሰው ላይ በተሠሩ ጥናቶች ግን አብሹ ብቻውን በቀን 5፣ 10፣ አንዳንዴም 25 ግራም ድረስ ነው የተሰጠው። ይባስ ብሎ፣ ሌላውን ከረጢት ነክሬ ሳወጣው አብጦ ጣቴ ላይ ይዝለገለጋል። ማለትም ዋናው ነገር ከረጢቱ ውስጥ ቀርቶ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል፤ እኛ የምንጠጣው ሽታውን ነው።

ጥቁር አዝሙዱም ያው ነው። የሚወራለት ቲሞኪኖን የሚባል ንጥረ ነገር ያለው ዘይቱ ውስጥ ነው፤ ዘይት ደግሞ ከውሃ ጋር አይስማማም። ሽፈራውን ኮንሶዎች እንደ ጎመን ቀቅለው ኩርኩፋ ከሚባለው የእህል ድብልብል ጋር ይበሉታል፤ እሱ ምግብ ነው፣ ይሄ ቁንጥር ዱቄት ነው። ቀረፋው የቱ ዓይነት እንደሆነ አልተጻፈም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ካሲያ የሚባለው ቀረፋ ኩማሪን አለበት፣ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ሲሎን የሚባለው ቀረፋ ላይ ግን ኩማሪን ከቁጥር አይገባም።

ያናደደኝ ግን ሻጩ ነው። «እህቴ፣ ኪኒን እኮ ኬሚካል ነው፣ ይሄ ተፈጥሮ ነው፤ ይሄን ከጀመሩ በኋላ መድኃኒቱን የተዉ አሉ» አለኝ። ኧረ ተው! ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን ራሱ መነሻው ጋሌጋ የሚባል ተክል ነው። ተክሉ ውስጥ ያለው ጋሌጊን ስኳር ያወርዳል፣ ግን መርዛማ ነው። ስለዚህ ያንኑ የሚመስሉ ውህዶች በላቦራቶሪ ተሠሩ፤ ከእነሱ አንዱን፣ ሜትፎርሚንን፣ ዣን ስተርን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ለስኳር ሕክምና አውሎ እንደ ፈረንጆቹ በ1957 ውጤቱን አሳተመ። ተፈጥሮ ከሆነስ እሱም ዘመዱ ነው፤ ያውም መጠኑ የታወቀ።

ስለዚህ ከፈለጋችሁ አብሹን ራሱን ግዙ። አስለቅማችሁ አስፈጩ፣ ማታ ዘፍዝፉ፣ ጠዋት ከላይ ያቆረውን መራራ ውሃ ድፉና አረፋ እስኪያወጣ ምቱት። ማር አትጨምሩ፤ ለስኳር በሽተኛ ማርም ስኳር ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር፤ ሁለቱ ተደጋግፈው ስኳሩን ከሚገባው በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱና ነፍሰ ጡሮችም እንደዚሁ ተጠንቀቁ። እና ደግሞ አብሽ ላብ ላይ ይሸታል፣ ታክሲ ውስጥ ዞር ብለው ቢያዩአችሁ አትደንግጡ።

ለሻዩ ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱም ለቀረፋው ጣዕም ናቸው።