ራይዘን 5 5600 ወይስ 7600?

ሁለቱም የኤኤምዲ ኩባንያ ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተር አንጎል) ናቸው። ሁለቱም 6 ኮር (ሥራውን የሚሠሩ ክፍሎች) እና 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚይዟቸው የሥራ መስመሮች) አላቸው። ወረቀት ላይ መንትያ ይመስላሉ። 5600 በ2022 ወጣ፤ 7600 ደግሞ በ2023 መጀመሪያ (በፈረንጆቹ ነው)። የፍጥነት ጣሪያቸው ግን ይለያያል፤ የድሮው 4.4 ጊጋኸርዝ፣ የአዲሱ 5.1።

ዋናው ወጪ ያለው ግን ከፕሮሰሰሩ ውጪ ነው። 5600 ኤኤም4 ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) ያለው ማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) እና ዲዲአር4 ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ይበቃዋል። ሶኬቱ ከ2016 ጀምሮ ስላለ ያገለገለ ዕቃ መፈለግ ይቀላል። 7600 ግን ያለ ኤኤም5 ማዘርቦርድና ያለ ዲዲአር5 ራም ንቅንቅ አይልም። እጃችሁ ላይ ያለው አሮጌ ራም አይረዳችሁም፤ ማስገቢያው ራሱ አይገጥምም።

7600 በውስጡ ትንሽ ግራፊክስ (ምስል የሚያወጣ ክፍል) አለው። ለብቻው የሚገዛው ግራፊክስ ካርድ ቢበላሽ ስክሪኑ ጨልሞ አይቀርም። ለከባድ ጌም ግን አትመኑት! 5600 ያለ ካርድ ጭራሽ ምስል አያወጣም።

እኔ ብሆን? ብሩ ጠበብ ካለ 5600ን ገዝቼ የተረፈውን ግራፊክስ ካርዱ ላይ እጨምራለሁ። የብዙውን ጌም ሸክም የሚችለው እሱ ነው። ፈጣን የተኩስ ጌም በከፍተኛ ፍሬም (በሰከንድ በሚታዩ ብዙ ምስሎች) የሚጫወት፣ ወይም ከዓመታት በኋላ ማዘርቦርዱን ሳይነካ ከራይዘን 9000 ምድብ የሆነ ፕሮሰሰር መትከል የሚያስብ ግን 7600ን ይያዝ።